መርማሪዋ «ታፍኗል» ያለች ሰሞን

እኛ ቤት አንድ ነገር ተበላሸ ከተባለ ከሁሉም የሚቀድመው ካቻቪቴ ነው። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ያገባሁት ሰውዬ ሬዲዮ ጠጋኝ። የሠርጋችን ዕለት ማይክራፎኑ ሲያፏጭ ሙሽራው ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ ተከተልኩት። ፎቶ አንሺው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘን በሳቅ ይሞታል። ይሙት፤ ማይክራፎኑ እንደሆነ ተሠርቷል።

ሱቃችን በጎማ ቤቱና በጸጉር ቤቱ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች፣ የሽቦ ጥቅልሎች፣ ብሎን የሞላባቸው ጣሳዎች ተደርድረዋል። ከባንኮኒው ኋላ የሦስታችን ወንበር አለ። በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አለች፤ እሷ ላይ ደንበኛ ከተቀመጠ አባዬ ይቅርታ ጠይቀው ያስነሡታል። የመርማሪያችን ወንበር ናታ።

መርማሪ የምንላት ልጄን ነው። የወተት ጥርሷ ገና መነቃነቅ የጀመረ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ የምታደርግ ፍሬ ናት፤ ሆኖም ከኛ ሱቅ ያለ እሷ ፈቃድ አንድ ዕቃ አይወጣም። ነገሩ የመጣው በአባዬ ጆሮ ነው። አባዬ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም። ልጅ ሳሉ አመማቸው፤ ያልፍለታል ተባለ። ዘይት ተሞቀና ተንቆረቆረበት፤ አሁንም ያልፍለታል ተባለ። ከዚያ መግል ማዠት ጀመረ፣ ሲያዥ ኖረ፣ በመጨረሻ አለፈላቸው፤ መስማቱም አብሮ አለፈ። እሳቸው ግን ይህን ሲያወሩ ለቀልድ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ስትቆጣ «ነይ በግራ በኩል ሆነሽ ተቆጪ» ይሏት ነበር። እኛም ሳናስበው በቀኛቸው መሄድ፣ በቀኛቸው መቀመጥ ለምዶብናል። እሳቸው ደግሞ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደህናውን ጆሮ ያቀርባሉ።

ታዲያ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ጠጋኝ፣ ሁለት ስፒከር ያለው ቴፕ እኩል መጮኹን በምን ያውቃል? ስለዚህ ድሮ ልጅ ሳለሁ ፈታኟ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ልጄ ወረሰችኝ። ተጠግኖ ያለቀው ዕቃ ይከፈታል፤ መርማሪዋ ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ከዚያ ወይ «ጥርት» ትላለች ወይ «ታፍኗል» ትላለች። «ታፍኗል» ካለች ዕቃው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ይግባኝ የለውም። እስከዚያን ሰሞን ድረስ ተሳስታ አታውቅም፤ እንግዲህ ጉዳችንን ያፈላው ይኸው ነው።

ከጉንፋን የተነሣችበት ሰሞን ነበር። አፍንጫዋ ሲፈስ ሰነበተ፣ ትንሽ አተኮሳት፣ ጆሮዋን ጎተት ጎተት አደረገች። ማስታገሻ ሲሮፕ ሰጠኋት፤ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እኔም እሰይ ብዬ ወደ መበየጃዬ ተመለስኩ። ጉንፋን የማይዘው ልጅ የት አለ?

መጀመሪያ የመጣው የእትዬ መርፌ ሬዲዮ ነው። እትዬ መርፌ ከኛ በላይ ፎቅ ልብስ የሚሰፉ፣ ምክራቸው ከክራቸው የሚረዝም ጎረቤታችን ናቸው። ሬዲዮናቸው የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ነበረችው፤ በየድኩና ከፈትኩት። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች፣ ብዙ አዳመጠች፣ «ታፍኗል» አለች። እንዴ፣ ለኔ እንደ ደወል ነው የሚሰማኝ። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ስፒከሩን አወጣሁና በአዲስ ቀየርኩት። አሁንም ታፍኗል። ባሌ ገፋ አድርጎኝ እሱ ተቀመጠበት። ኢንጂነሩ ነው የምንለው፤ ኢንጂነር ስለሆነ አይደለም፣ ሽቦ ባየ ቁጥር ስለሚጠራጠር ነው። ፈትቶ ገጠመው፣ ገጥሞ ፈታው፤ ታፍኗል።

ቀጥሎ የጎማ ቤቱ ቴፕ ታፈነ። ቀጥሎ የአንዲት አስተማሪ ቴሌቪዥን ታፈነ። ኢንጂነሩ አዲስ የገዛናቸው ስፒከሮች ከፋብሪካቸው የተበላሹ ናቸው ብሎ ሁሉንም አወረዳቸው። እኔ ደግሞ ስፒከሩ ሳይሆን ገዢው ነው የተበላሸው አልኩና ለአንድ ቀን ተኳረፍን። በማግሥቱ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ የሱቁ መብራት ኃይሉ ወርዷል። መስመሩን ከግድግዳው ነቅሎ እንደ አዲስ ሊዘረጋ ጀመረ። ለካ ጸጉር ቤቱም በዚያው መስመር ነው የሚጠቀመው፤ ኢንጂነሩ ሽቦውን ሲቆርጥ እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ማሽኑ ቀጥ አለ። ሰውዬው ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፤ አባዬ ከዚያ ጢም ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠሙ ጣሳ ውስጥ ብሎን መፈለግ ጀመሩ። እኔ ከባንኮኒው ሥር ተንበርክኬ ሳቄን በእጄ አፈንኩት፤ ከኩርፊያችንም በዚያው ታረቅን።

ቤትም ያው ነው። መርማሪዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትለጠፍ ምንም አልቀራት፤ ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ ትላለች፣ ስንጠራት አትመጣም። ኢንጂነሩ የቤታችንንም ቴሌቪዥን ፈታው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ ደህና የነበረውን ቴሌቪዥን ሲገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈው። እሷ ግን ምንም አላማረረችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አባቷ ሲፈታ ሲገጥም በትዕግሥት ታየዋለች።

ሌላም ነገር ነበር። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ዘንበል ማድረግ አመጣች። ልክ እንደ አባዬ! ደህናውን ጆሮ እንደሚያቀርቡት፣ ቅንድባቸውን እንደሚሰበስቡት፤ ቁርጥ እሳቸውን። አቤት የሳቅነው ሳቅ። የጎማ ቤቱ ሠራተኞች እያስጠሩ ያስደርጓት ጀመር። ጸጉር አስተካካዩ አያትሽ ሱቁን ብቻ ሳይሆን አንገታቸውንም አወረሱሽ አላት። እኔ እናት ተብዬዋ ደግሞ በስልኬ ቀረጽኳትና ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። አባዬም ደስ ብሏቸው ነበር። ደስታቸውን ሊደብቁ ሲሞክሩ ጆሯቸው ይቀላል፤ ሁለቱም።

እንዲህ እያልን ቅዳሜ ደረሰብን። ቅዳሜ የሠርግ አዳራሹ ጌታ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎቹን ሊወስድ ቀጠሮ ነበረው፤ ቁመታቸው እኔን ያክላል። አርብ ከሰዓት ተጠግነው አልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ኢንጂነሩ ዛሬ ታፍኗል ብትል ራሴን ነው የምፈታው ብሎ ምሎ፣ ድምፁን መጨረሻ ላይ አድርጎ ከፈተው። ኧረ የድምፅ ያለህ! መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ፣ ጣሳዎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ፣ የጎማ ቤቱ ልጅ የያዘውን ጎማ ለቀቀውና ጎማው ብቻውን ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ተንከባለለ። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እኔም ያዝኩ። አባዬ እንኳ በደህናው ላይ መዳፋቸውን አደረጉ። መርማሪዋ ቀይ ወንበሯ ላይ፣ ከድምፅ ማጉያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዳቦዋን በእርጋታ ትገምጣለች።

ኢንጂነሩ ዘጋው። እሷም ዳቦዋን ዋጥ አድርጋ «ትንሽ ታፍኗል» አለች።

ኢንጂነሩ ካቻቪቴውን ሲያነሣ አባዬ እጁን ያዙት። ፊታቸውን አየሁት፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከባንኮኒው ወጡና ቀስ ብለው ከልጅቷ ጀርባ በግራ በኩል ቆሙ። በሹክሹክታ ከረሜላ ትፈልጊያለሽ ወይ አሏት። ከረሜላ ለምትል ቃል ከእንቅልፏ የምትነሣ ልጅ ንቅንቅ አላለችም። በቀኝ በኩል ዞረው ደገሙላት። ያን ጊዜ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች፣ «ምን አልክ አባባ?» አለች።

አባዬ ቀና ብለው «ሬዲዮዎቹ ደህና ናቸው» አሉን። «እኔን መምሰሏም አልነበረም።»

ልጄ ፊት ቁጭ ብዬ ጆሮሽ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ውስጡ ውሃ ያለ ይመስለኛል፣ ይሄኛው ደግሞ ከምሳ ጀምሮ ያመኛል አለችና ግራውን በመዳፏ ሸፈነችው። ግንባሯን ነካሁት፤ ትኩሳቱ ተመልሷል። ታዲያ ለምን አልነገርሽንም አልኳት።

«ነግሬያችኋለሁ» አለች። «ታፍኗል ብያለሁ። እስክትጠግኑት እየጠበቅኩ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሦስት ጠጋኝ አንድ ልጅ ከብበን፣ የሰፈሩን ዕቃ ሁሉ ስንፈታ፣ እሷ እኛን አምና ተራዋን ትጠብቃለች!

በዚህ መሀል እትዬ መርፌ የዚያ ድምፅ ማጉያ ጩኸት አስበርግጓቸው ሊቆጡ ወረዱ። ነገሩን ሲሰሙ ቁጣቸውን ረሱና ተመልሰው ወጡ፤ ወዲያውም ለብ ያለ ዘይት በሲኒ ይዘው ተመለሱ። ጠብ ጠብ ይደረግበትና ጥጥ ይወተፍበት፣ እስከ ነገ ያልፍላታል አሉ። ኢንጂነሩም ከጭንቀቱ ብዛት ተቀበላቸው፤ ለጊዜው እንዲያ ይሁንና ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን አለ። እኔ እንኳን ወይ ዘይቱ ወይ ሐኪሙ እያልኩ አመነታሁ፤ እውነቴን ነው።

አባዬ ሲኒውን ከእትዬ መርፌ እጅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አመሰገኑ። ወደ ሱቃችን በር ሄዱና፣ ሲከፈት እንደ ድመት የሚጮኸው ማጠፊያ ላይ ዘይቱን አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ አፈሰሱት። በሩን ወዲያና ወዲህ አደረጉት፤ ዝም አለ። «ዘይት ለዚህ ነው» አሉ። «ለኔም ያልፍለታል ተብሎ ነበር። አሁን ነው የምንሄደው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እትዬ መርፌም ባዶ ሲኒያቸውን ይዘው፣ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሂዱ ብለው ባንኮኒው ኋላ ገቡ።

በታክሲ ሄድን። የጆሮ ሐኪም ያለችበት ክሊኒክ ከሰዓት እስከ ምሽት ይሠራል። ዶክተሯ ፀጉሯን በእስክሪብቶ የጠቀለለች ሳቂታ ወጣት ናት። ምን ሆነች ብላ ከመጠየቋ ኢንጂነሩ ቀደመ፦ ከሰኞ ጀምሮ በሁለቱም መስመር ድምፅ ወርዷል፣ ግራው ይብሳል፣ ዛሬ ደግሞ ሙቀት አለው። እኔ በክርኔ ጎሸምኩት። ዶክተሯ ግን እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ወላጅ የለም አለችና መርማሪዋን አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። የጆሮ መመልከቻዋ ጫፍ ላይ መብራት ነበረው፤ ኢንጂነሩ አምፖሉ ስንት ዋት ነው ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አየሁትና እግሩን ረገጥኩት። የያዝነው ነገር ከባድ ባይሆን ኖሮ ከባንኮኒ ሥር የሚያስገባ ሳቅ ነበር።

መመልከቻው ከስክሪን ጋር የተገናኘ ነበር፤ የልጄ የጆሮ ታምቡር ግድግዳው ላይ ወጣ። ቀኙ ደብዘዝ ያለ፣ ግራጫ ነገር ነው። ግራው ግን ቀልቶ፣ ወደ ውጪ ተገፍቶ አብጧል። አባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። እንደ ስፒከር ወረቀት ነው አሉ ለራሳቸው ያህል፤ ከጀርባው ውሃ ገብቶበት በምን ይንቀጠቀጣል?

ዶክተሯ ዞር ብላ አየቻቸውና፣ በቃ ይኸው ነው እኮ አለች። ከአፍንጫ ኋላ ተነሥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ አየር ታስገባለች፣ ፈሳሽ ታስወጣለች። የልጆች ቱቦ አጭርና ጋደም ያለች ስለሆነች ጉንፋን ሲመጣ ቶሎ አብጣ ትዘጋለች። ያን ጊዜ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ከታምቡሩ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ድምፅ የሚታፈነው ለዚህ ነው። በዚያ ፈሳሽ ላይ ጀርም ከገባበት ይመረቅዛል፣ ታምቡሩን ይገፋዋል፣ ያ ነው ህመሙና ትኩሳቱ። ዝም ከተባለ ታምቡሩን ቀድዶ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ይድናል፣ እየተመላለሰ ከተረሳ ግን ዓመታት የሚያዥ ጆሮ ይሆናል፣ ከጆሮ ኋላ ወዳለው አጥንትም ሊዘልቅ ይችላል። ዘይት ከላይ ቢንቆረቆርበት ደግሞ ችግሩ ከታምቡሩ ጀርባ ስለሆነ አይደርስበትም፤ ታምቡሩ ተቀድዶ ከተገኘም ጉዳት ነው።

አባዬ ይህን ሁሉ በቀኝ ጆሯቸው ሰሙ። በሕይወታቸው ሙሉ ሲቀልዱበት የኖሩትን ነገር አንዲት ወጣት ልጅ ከፍታ ውስጡን አሳየቻቸው። ብዙ ነገር የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ዘግይተናል?»

ኢንጂነሩ እጄን ይዟል፤ በኋላ ሳየው ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል።

«አልዘገያችሁም አባቴ» አለች ዶክተሯ። «ታምቡሩ አልተቀደደም። ብትቆዩ ኖሮ ግን እንዲህ አልልዎትም ነበር።»

አባዬ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገው ሲያበቁ እንደገና ጠረጉት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው፤ እኛ ቅጠሉን ይዘን ሬዲዮ ስንጠርግ ነበር።

መድኃኒቱ ታዘዘ። ሁሉም የጆሮ ህመም አንቲባዮቲክ አይፈልግም አለች ዶክተሯ፣ አንዳንዱ ማስታገሻ እየተሰጠው በሐኪም ክትትል ሊታይ ይችላል፤ የሷ ግን ተመልሶ ያገረሸ፣ ከነትኩሳቱ የመጣ ስለሆነ ይጀመራል። ሲሻላት እንዳናቆም አስጠነቀቀችን፤ እስከ መጨረሻው ነው የሚወሰደው። ሌላም ነገር ነገረችን፤ ህመሙ ቶሎ ይሄዳል፣ ፈሳሹ ግን ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ተመልሳችሁ ታሳዩኛላችሁ፤ መስማቷ ሙሉ በሙሉ መመለሱን የምናውቀው ያኔ ነው።

ቅዳሜ የአዳራሹ ጌታ መጣና ድምፅ ማጉያዎቹን ወሰደ። በሱቃችን ታሪክ «ጥርት» ሳይባል የወጣ የመጀመሪያው ዕቃ ነው። እኔ አዳመጥኳቸው፣ ደህና ናቸው አልኩ፤ ሰውዬው ግን ቀይዋን ወንበር ባዶ ሲያያት ቅር አለው።

ህመሙ እንደተባለው ቶሎ ለቀቃት። ድምፁ ግን ገና ነበር፤ ያ ጊዜ አላልፍ አለን። መርማሪዋ ከሥራ ታገደች፤ ሐኪም ያዘዘው ዕረፍት ነው ስንላት ኮራች። ሰፈሩ በሙሉ ግን የጆሮ ሐኪም ሆነ። የጎማ ቤቱ ሠራተኞች ከኋላዋ እየመጡ ከረሜላ እያሉ ያንሾካሹካሉ። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን ከግራዋ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ግማሽ ጢሙ የቀረበት ሰውዬ እንኳ፣ ጢሙን ጨርሶ ተላጭቶ፣ በመስኮት ብቅ እያለ ያፏጭላታል። እትዬ መርፌ ሲኒ ይዘው መምጣት ትተው፣ ፎቃቸው ላይ ሆነው ክር ሲቆርጡ ሰማሽኝ ወይ ብለው ይጠይቋታል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ዶክተሯ ቀኙ ጸድቷል፣ ግራው ግን አሁንም ትንሽ ፈሳሽ አለው አለችን። አባዬ ያን ቀን ሲመለሱ በታክሲ ውስጥ ከልጅቷ በግራ በኩል ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ጆሮዋን ሲያዩ መጡ። እኔም ፈራሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ፈራሁ።

ከዚያ የአዳራሹ ጌታ ድምፅ ማጉያዎቹን ይዞ ተመልሶ መጣ። ችግር የለባቸውም አለ፤ ሠርጉ ላይ ጉድ ተብሎላቸዋል፣ ግን ያቺ ልጅ ሳትፈትናቸው ስለወሰድኩ እንቅልፍ አልሰጠኝም፣ ደህና ናቸው ትበለኝ። አባዬ አዩኝ። ኢንጂነሩ አየኝ። መርማሪዋ ማንንም ሳታይ ቀይ ወንበሯ ላይ ወጥታ ዓይኗን ጨፈነች።

ኢንጂነሩ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ከፈተው። እሷ አዳመጠች። ብዙ አዳመጠች። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኗን ገለጠችና «ይሄኛው ጥርት» አለች ቀኙን እያሳየች። «ያኛው ውስጥ ግን የሆነ ነገር እንደ ዝንብ ዝዝዝ ይላል።»

ማናችንም ምንም አልሰማንም። የአዳራሹ ጌታ ምንም የለም አለ። እኔ ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። ግራው ነው፣ ያው የሷ ግራ ጆሮ ነው ዝዝ የሚለው አልኩ በሆዴ። ኢንጂነሩ ግን ካቻቪቴውን አነሣ። ጀርባውን ፈታው፣ እጁን አስገባ፣ ውስጡን ዳበሰ፤ ከዚያ እጁን አወጣና መዳፉን ዘረጋ። አንዲት ሚጢጢ ብሎን። የስፒከሩ ወረቀት ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። የኛው ብሎን! በዚያ የእብደት ሰሞን ኢንጂነሩ ራሱ የጣላት ብሎን!

ምን ልበላችሁ? ጮኽኩ። ኢንጂነሩ ልጅቷን ከነወንበሯ አንሥቶ አሽከረከራት። አባዬ የአዳራሹን ጌታ አቀፉት። ሰውዬው ዕቃዬን አበላሽታችሁ ስታበቁ ትጨፍራላችሁ እንዴ ብሎ ግራ ገባው፤ አዎ ጌታዬ፣ አበላሽተናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን እያልን አቀፍነው። የጎማ ቤቱ ልጆች ነገሩን ሳያውቁ ገብተው አጨበጨቡ። ቀጥሎ በነበረው ቀጠሮ ዶክተሯ በማሽን ፈትና ሁለቱም ጆሮ እኩል ናቸው ብላ ስትነግረን፣ እኛ እናውቃለን አልናት፤ በብሎን ተረጋግጧል።

የእትዬ መርፌን ሬዲዮም እንደነበረ መለስነው። ያንን አዲሱን ስፒከር አውጡት አሉ፤ ድሮ እኔ ነኝ ሬዲዮውን የምሰማው፣ አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ነው የሚሰማው።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ሱቁ ጭር ባለበት፣ ከሥራዬ ቀና ስል መርማሪዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየኋት። ቅንድቧ ተሰብስቧል። መበየጃውን አስቀምጬ በእግሬ ጣት ከኋላዋ ሄድኩና በግራዋ በኩል፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ፣ ልጄ አልኳት።

ዘወር እንኳ ሳትል «እየሰማሁሽ ነው እማዬ» አለች።

ታዲያ አንገትሽ ምን ሆነ አልኳት።

«አሁን አባባን እየመሰልኩ ነው።»

አባዬ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው ሰሙ። ሳቅ ሊሉ ከጀሉና ተዉት። እሷ ቀይ ወንበሯን እየጎተተች፣ በባንኮኒው ሥር ሾልካ፣ እሳቸው ዘንድ ደረሰች፤ ወንበሯን በቀኛቸው ሳይሆን በግራቸው አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ጆሯቸው ላይ ተጠግታ ብትነግራቸው እንደማይሰሙ ስለምታውቅ፣ ጉልበታቸውን ነካ ነካ አድርጋ ፊታቸውን ወደ እሷ አስመለሰችና «በዚህ በኩል እኔ እሰማልሃለሁ» አለቻቸው። በዚያ በኩል ሰው ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።